የፓራፋንጎው ሙግት

ዛሬ በከተማችን «ከመጀመሪያው ከመምህሩ ጋር ነበርኩ» የማይል ሰው ፈልጌ አጣሁ። መምህሩ እኔ ነኝ። በችሎቱ ቀን ከፊት ቆሞ «መኪናው ይወረስ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸው ሁሉ፣ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «አሸነፍን እኮ!» ይለኛል። አሸነፍን! ስለ መሸነፋቸው በቂ ማስረጃ አለኝ፤ ስለ ማሸነፋቸው ግን የሰማሁት ከራሳቸው ብቻ ነው። ታሪኩን ከእነሱ አፍ ከመስማታችሁ በፊት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ከጻፍሁ ክስ ይከተላል፤ ለሌላ ክስ ጉልበት አላጣም፣ ጊዜ ግን የለኝም።

በከተማችን በዓመት ስምንት ወር ይዘንባል። አፈሩ ቀይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከጨርቅ ጋር ከተዋደደ በሳሙናም በጸሎትም አይላቀቅም። ከወንዙ እስከ ሸንጎው አዳራሽ የሚወስድ አንድ ዋና መንገድ አለ። ሹማምንቱ በዚያ መንገድ በመኪና ያልፋሉ፣ ሌላው ሰው በእግሩ ያልፋል፣ ጎማው ደግሞ ጭቃውን እያነሣ በእግረኛው ላይ ይረጨዋል። እስከዚህ ድረስ ከሌላው ዓለም አንለይም። የምንለየው ከዚህ በኋላ ነው።

በቅድመ አያቶቻችን ዘመን አንድ ገዥ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ጎማው ያነሣው ጭቃ አንድ አጎብዳጅ ፊት ላይ ተለጠፈ ይባላል። ሰውዬው መጥረግ ሲገባው «ድርሻዬ ደረሰኝ!» ብሎ እጅ ነሣ። ገዥው ደስ ብሎት ሸለመው። በማግስቱ መንገድ ዳር መቶ ሰው ተሰልፎ ተገኘ። የአንድ አጎብዳጅ ፊት የአገር ሕግ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ የጎማ ጭቃ ስሙ «ድርሻ» ነው። ድርሻውን ያልተቀበለ ሰው ሹማምንቱ ሲያልፉ ተደብቆ ነበር ማለት ነው፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው። እንዲህ ብለው አስተማሩን፣ እኛም ደብተር ላይ ገለበጥነው።

ድርሻን የሚያስተዳድረው ሹም «ሊቀ እርጭት» ይባላል። ከሥሩ በየሰፈሩ አንድ አንድ ነቁጥ መርማሪ አለ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርማሪው በየደጁ ይዞራል። አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላትን የእንጨት ቀለበት በሰው ልብስ ላይ ያሳርፋታል። ጭቃው ቀለበቷን ከሞላ «ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ካልሞላ «ጠፍቷል» ብሎ ይጽፋል። አሥር ጊዜ የጠፋ ሰው ከሙያው ይታገዳል፤ ሸማኔ ከሆነ አይሸምንም፣ አናጢ ከሆነ አያንጽም። «እኔ እኮ ፊትህ ቆሜአለሁ!» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። መርማሪው ግን የሚያምነው ቀለበቷን እንጂ ሰውዬውን አይደለም።

መርማሪው ሳያይ ጭቃን መጥረግ ወይም ማጠብም እንደ መጥፋት ይቆጠራል። በቤቱ ጭቃ አቡክቶ ልብሱን የቀባ ሰው ወዲያው ይያዛል፤ የጎማ ጭቃ ጅራት አለው፣ የእጅ ጭቃ ጅራት የለውም። ይህን የጅራት ትምህርት ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ሙሽራ ከቤቷ ወጥታ በዋናው መንገድ ሳታልፍና ቀሚሷ ነቁጥ ሳያገኝ አትዳርም። መቆም ያቃታቸውን ሽማግሌዎች ቤተሰቦቻቸው ከነአልጋቸው እየተሸከሙ መንገድ ዳር ያሰጧቸዋል። በዚህ የሚስቅ ሰው አላየሁም። እኔም አልሳቅሁም።

አሁን ወደ ፓራፋንጎ እንምጣ። ከጎማ በስተኋላ ተንጠልጥሎ ጭቃውን የሚይዘው ነገር፣ ከጎማም ይሁን ከላሜራ ይሠራ፣ በከተማችን ወንጀል ነበር። መኪና በከተማዋ በር ሲገባ ፓራፋንጎው ተፈትቶ ወደ ግምጃ ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ከጠላት እንደ ተማረከ ጋሻ ተዘቅዝቆ ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቀላል። ከሥሩ «የሕዝብ ድርሻ ሌቦች» ተብሎ ተጽፏል። በየዓመቱ ተማሪዎቼን አሰልፌ አሳያቸው ነበር።

እኔ ከአባቴ የወረስሁት አሮጌ መኪና አለኝ፤ ጣሪያው ሸራ ነው፣ ሸራው ከኋላ በኩል ከተቀደደ ቆይቷል። በዚህ መኪና አሥራ አንድ ዓመት ሰው ረጭቻለሁ። ሹም ባልሆንም መኪና ስላለኝ ሰዎች ከእኔም ድርሻ ይቀበሉ ነበር፤ «እግዜር ይስጥልን መምህር» ሲሉኝ እጄን አውጥቼ አመሰግናለሁ። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ታናሽ እህቴን ትርንጎን ምጥ ያዛት። አዋላጇን እማማ ላቀችን ላመጣ መኪናዬን አስነሥቼ በረርሁ። ከመታጠፊያው ላይ ካለው ኩሬ ስገባ አንዲት አሮጊት በቀኝ በኩል ሲያልፉ ሙሉ ለሙሉ ረጨኋቸው። እንደ ልማዴ ለምስጋናው እጄን አወጣሁ። ምስጋና አልመጣም። ዞር ብዬ ሳይ እማማ ላቀች ነበሩ፤ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው በእግራቸው ወደ እህቴ ቤት እየሄዱ ኖሯል። ከሻሻቸው እስከ ጫማቸው ቀልተዋል። ደረታቸው ላይ ያቀፉት ነጭ ጨርቅ፣ ሕፃን የሚቀበሉበት፣ እሱም ቀልቷል።

«ደግ አደረግህ መምህር» አሉኝ። «እንግዲህ እህትህን በጭቃ አሽቼ ላዋልዳት?»

«እማማ፣ አላየሁዎትም…»

«አላየኸኝም? የምትረጨውንማ መቼ አይተህ ታውቃለህ! ባይሆን አሁን እያየህ ንዳ።»

እህቴ ቤት ስንደርስ ምጧ ጠንቷል። እማማ ላቀች ወደ እሷ መግባት አልቻሉም፤ ልብስ አወለቁ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ፈተጉ፣ ጨርቁን ቀቀሉ፣ ደግመው ቀቀሉ። ትርንጎ ከውስጥ ትጮኻለች፤ እኔ ከእሳቱ ዳር ውሃ ቶሎ እንዲፈላ እለምናለሁ። በመጨረሻ ሲገቡ ሕፃኑ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ጠቁሮ ነበር። በእነዚያ በተፈተጉ ጣቶቻቸው ፈቱለት፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን መቱት። አለቀሰ። ያን ልቅሶ ከሰማሁ ወዲህ ሙዚቃ የሚባለውን ነገር ብዙም አልፈልገውም።

እማማ ላቀች ሲወጡ አጠገቤ ቆሙና ቀስ ብለው፣ «ትንሽ ብቆይ ኖሮ ያን ጭቃህን ለመቃብሩ ታውለው ነበር» አሉኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ነቁጥ መርማሪ አቶ ፈለቀ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። እማማ ላቀች ለአራሷ አጥሚት እያማሰሉ ነበር።

«እማማ፣ ዛሬም ንጹሕ ነዎት» አለ፣ ከልቡ እንዳዘነ።

«ዕድሜ ለውሃ» አሉት።

«ዘጠኝ ነበር እኮ። ይሄ አሥረኛዎ ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እማማ ላቀች ጨርቃቸው እንዳይቆሽሽ ብለው ዘወትር በጓሮ በጓሮ ነበር የሚሄዱት፤ በዚያ ቀን ብቻ ቸኩለው በዋናው መንገድ ወጡ። ለዚህ ንጽሕና ዘጠኝ ጊዜ ጠፍተዋል። በእኛ በቆላው ሰፈር ከእሳቸው በቀር የሚጠራ አዋላጅ አልነበረም። ሁለተኛዋ አዋላጅ ሕጉን አክብራ በጭቃ ልብስ ስታዋልድ ሦስት እናቶች በትኩሳት ሞቱባት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራትም። ከክረምቱ መውጣት በፊት የሚወልዱ አሥራ ሰባት እርጉዞች ደግሞ ነበሩ።

«አቶ ፈለቀ» አልሁ፣ «እኔ ነኝ የረጨኋቸው! ከራሳቸው እስከ እግራቸው!»

«አምናለሁ መምህር። ጭቃው የት አለ?»

«ታጠበ! ልጅ ሊያዋልዱ!»

«እንግዲያው ጠፍተዋል።»

«ፊትህ ቁጭ ብለው አጥሚት ያማስላሉ እኮ!»

ፈለቀ ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን በነጠላቸው ላይ አሳረፈና በውስጡ አየ። ቀና ብሎም፣ «የሉም» አለኝ። ጻፈ። እማማ ላቀች ይግባኝ ካሉ ጉዳዩ በስድስተኛው ቀን በሸንጎ እንደሚታይ፣ እስከዚያ ግን እጃቸውን ሰብስበው እንዲቀመጡ ነግሮ፣ ለአራሷም እንኳን ማርያም ማረሽ ብሎ ወጣ።

እኔ ስናደድ ቶሎ ነው የምናደደው፤ ጓደኞቼ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። በዚያ ቀን ግን ከማን እንደምጀምር አሰብሁ። ሊቀ እርጭቱን መስደብ ይቀላል፣ ፈለቀን በአንገቱ ገመድ መጎተትም ይቀላል። ጭቃውን የረጨሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ከራሴ መኪና ለመጀመር ቆረጥሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋሽ ገብረየስ ጋራዥ ሄድሁ። ገብረየስ በከተማዋ ያለ አንድ መካኒክ ነው፤ ከአንድ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ አገኘሁት።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ፓራፋንጎ ሥራልኝ።»

ካቻቢቴው ከእጁ ወድቆ ሲጮህ ሰማሁ። ተንፏቆ ወጣ።

«ምን አሉኝ መምህር?»

«ፓራፋንጎ።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ! ግድግዳው ላሜራ ነው፣ ወሬ ያሳልፋል። ምን ነካዎት? የእርስዎ እህት በሰላም ተገላገለች ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ተገላገለች። ያዋለዷትን ሴትዮ ግን ሊያግዷቸው ነው።»

ገብረየስ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። እጁ አልጠራም፤ እሱም አላየውም።

«በሠላሳ ዓመት ስንት ፓራፋንጎ እንደፈታሁ ያውቃሉ?» አለኝ። «በሩ ላይ የምፈታው እኔ እኮ ነኝ። አንድም ግን አስሬ አላውቅም።»

«የፈታ ማሰር አያቅተውም።»

«እሱስ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ትዳር ይጠገን ነበር።» ትንሽ ሳቀ። ከዚያ፣ «ምራቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች» ብሎ ቢላዋውን ከግድግዳው አወረደና ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ሁለት ሰፋፊ ቁራጮች መቁረጥ ጀመረ።

«እንዴት እንደሚታሰር ግን ታስታውሳለህ?»

«በር ላይ ብሎኑን አያለሁ እንጂ ሌላውን መች አያለሁ። ተሰቅሎ ያየሁት በግምጃ ቤት ነው። አፉ ወደ ላይ ነው።»

እውነት ነበር። እኔም በየዓመቱ ተማሪዎቼን ይዤ ሳየው አፉ ወደ ላይ ነበር። አንዳችን ሠላሳ ዓመት የሠራን፣ አንዳችን ሃያ ዓመት ያስተማርን ሁለት ሰዎች በጉዳዩ ላይ ተመካከርንና በሙሉ ድምፅ ተስማማን። ገብረየስ ቁራጮቹን ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ከነጉብጠታቸው ወደ ላይ አቅንቶ፣ እንደ ሁለት ትልልቅ አካፋዎች፣ በብሎን አጠበቃቸው። «አሁን ይግቡና ይንዱ» እንዳለኝ በሩ ተንኳኳ። ላሜራው ወሬ አሳልፏል። ዘበኞች ገብተው መኪናውን በገመድ ዙሪያውን አሰሩና ገመዱን በሰም አተሙት። መኪናው ለማስረጃ ከነፓራፋንጎው ሳይነዳ ይቆያል ተባለ።

ክሱ በማግስቱ ደረሰኝ። ከእማማ ላቀች ይግባኝ ጋር በአንድ ቀን ይታያል። ከተሸነፍን መኪናዬ ይወረሳል፤ እሱን ተዉት። ከተሸነፍን እማማ ላቀች ዳግመኛ አያዋልዱም።

በስድስተኛው ቀን ሸንጎው በአዳራሹ ደጅ ተሰየመ። የሚመሩት አዛውንት ዳኛ ብዙ ጊዜ ያንቀላፋሉ፤ ግን የተኙ መስለው ሲሰሙ፣ የነቁ መስለው ሲተኙ ማንም ለይቶ አያውቅም። ከሳሹ ሊቀ እርጭት ደምሰው ነው። ደምሰው ትልቅ ሰውነትና ማር የመሰለ ድምፅ አለው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። የሊቀ እርጭት ልብስ ዘወትር ነጭ ነው፤ እሱ ይረጫል እንጂ አይረጩበትም።

«ወገኖቼ» ብሎ ጀመረ፣ «ይህ መምህር ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ጎማው ለእናንተ ያነሣውን ድርሻ በጎማ ቁራጭ ሊይዝባችሁ ነበር! የድሃውን ድርሻ! የአሮጊቷን ድርሻ!»

«መኪናው ይወረስ!» አለ ሕዝቡ።

«አሮጊቷ እዚህ አሉ» አልሁ፣ «ድርሻቸውን ይፈልጉት እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

«እሷ ተቀብላ አጥባዋለች! ሕግ ሕግ ነው። የጠረገ ጠፍቷል። ተራ ሰው ቢጠርግ አንድ ጊዜ ይጻፍበታል። ሹም ቢጠርግ ግን በአንዴ አሥር ነው! ይህን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለራሴ እንኳ አልራራሁም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ስለ ውሃ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሦስቱ እናቶች ተናገርሁ። ማስረጃ ጠቀስሁ፣ ንጽጽር አቀረብሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ ደበደብሁ። ጥሩ ንግግር ነበር። ማንም አላዳመጠኝም። ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ ደወል ተደውሏል!» ብሎ ሲጮህ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡ።

«መኪናው ተነድቷል?»

«አልተነዳም ጌታዬ» አለ ደምሰው፣ «ታሽጓል።»

«ታዲያ ድርሻ መያዙን በምን አወቃችሁ? ይነዳና ይታይ።»

ደምሰው ደስ አለው። «ይነዳ! እኔው ራሴ ተቀምጬ አያለሁ፤ ሕዝቡም ዳርና ዳር ይቁምና ድርሻው ሲቀርበት በዓይኑ ይይ!» አለና ወደ መኪናዬ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ከፊት ከእኔ ጋር መቀመጥ ይችል ነበር። ሹም ግን ከኋላ ነው የሚቀመጠው።

ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። የታተመው ገመድ ተቆረጠ። ሞተሩን አስነሣሁና ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከአዳራሹ በታች የመጀመሪያው ኩሬ አለ። ገባሁበት። ከኋላዬ አንድ ነገር «ቧ!» ሲል ሰማሁ። ወደ ዳር ስመለከት ሕዝቡ ንጹሕ ነው፤ አንድ ጠብታ አልነካውም። «ሠራ!» አልሁ በልቤ። ከዚያ በስፖኪዮ ወደ ኋላ ተመለከትሁ።

በስፖኪዮው ውስጥ ሰው አልነበረም። በደምሰው ቦታ አንድ ቀይ ቁልል ተቀምጧል። ያ ወደ ላይ የቀና ፓራፋንጎ ሁለቱ ጎማዎች ያነሡትን ሁሉ እየዛቀ በተቀደደው ሸራ በኩል ወደ ኋላ ወንበር ያፈሰዋል።

ፍሬን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝሁም። ፊት ለፊቴ ሁለተኛው ኩሬ ነበር፤ እሱ ይሰፋል። ከዚያ ሦስተኛው። ስለ ሁለተኛው ይቅርታ ልጠይቅ እችል ይሆናል፤ ስለ ሦስተኛው ግን ሰባት ጊዜ ብከሰስም አልጠይቅም።

አዳራሹ ደጅ ተመልሼ ቆምሁ። ቁልሉ ተንቀሳቀሰ። አንድ እጅ ከውስጡ ወጣ፤ እጁ ወደ ፊቱ ሄደ፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ በእጅጌው ጠረገ። ሁለት ዓይኖች ተከፈቱ።

ከወንበሬ ላይ ቆምሁ።

«በሕግ አምላክ! ደምሰው፣ እጅህን ከፊትህ አውርድ!»

በዚያች ከተማ እሱን በባዶ ስሙ የጠራው፣ «አንተ» ያለው ሰው አልነበረም። ሰዉ ባለበት ደርቆ ቀረ። ደምሰውም ደረቀ። እጁ አየር ላይ፣ ፊቱ ጠርቶ።

«ጌታዬ ዳኛ» አልሁ፣ «ሊቀ እርጭቱ ድርሻቸውን ተቀብለዋል። መርማሪ ሳያይ ጠርገዋል። ይህን የሚመሰክር ይህ ሁሉ ሕዝብ ነው። ነቁጥ መርማሪው ይቅረብ!»

አቶ ፈለቀ ከሕዝቡ መሀል ተገፍቶ ወጣ።  መኪናው ላይ ወጥቶ ቀለበቱን በአለቃው ግንባር ላይ አሳረፈ።

«ምን አየህ?» አሉ ዳኛው።

ፈለቀ አለቃውን አየ፣ ቀለበቱን አየ። ከላይ የተናገርሁትን አትርሱ፤ ይህ ሰው የሚያምነው ቀለበቱን ነው። ለዚህ ያለኝን ንቀት ከዚያች ቀን ወዲህ በግማሽ ቀንሻለሁ።

«የሉም ጌታዬ» አለ። «ጠፍተዋል። የሹም ስለሆነ በአንዴ አሥር ነው።»

«ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው!» ብሎ ጮኸ ደምሰው፤ ማሩ ከድምፁ ወጥቶ ጠፍቷል። «ልታወር ነው እንዴ? ለዓይኔ ብዬ ነው የጠረግኩት!»

«እማማ ላቀችስ ለምን ያጠቡት ይመስልሃል?» አልሁ። «የአንተ ዓይን ዓይን ሆኖ የሕፃኑ ምን ሊሆን ነው?»

ያኔ እማማ ላቀች ከተቀመጡበት ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ አላስፈለጋቸውም።

«ደምሰው» አሉት፣ «የአንተንም ዓይን እኮ ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ያኔም አጥቤህ ነው ለእናትህ የሰጠሁህ። ሳላጥብህ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ትወስድህ ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት እርጉዝ ሴት ናት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ እሳት ተያያዘ። በሕይወቴ ብዙ ክርክር ረትቻለሁ፤ በዚያ ቀን የረታሁት ግን እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ብዬ መጻፍ ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «አንደኛ፤ ለዓይን ሲባል የታጠበ ጭቃ እንዳልታጠበ ይቆጠራል። ስለዚህ ሊቀ እርጭቱም አልጠፉም፣ አዋላጇም አልጠፉም፤ ያለፉት ዘጠኙም ለሕፃናት ዓይን የተጠበቀ ንጽሕና ስለሆነ ይፋቁ። ሁለተኛ፤ ሕጉ ድርሻ መያዝን ይከለክላል። ይህ ፓራፋንጎ ድርሻውን አልያዘም፤ አሳምሮ አድርሷል። ለማን እንደሚደርስ ሕጉ አይናገርም። መምህሩ በነጻ ይሂድ።» ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ።

ሕዝቡም እኔን ተሸከመኝ። «ይወረስ!» ያሉት እነዚያው ትከሻዎች ነበሩ፤ ከላይ ሆኜ አንድ በአንድ አውቄአቸዋለሁ።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓይን የሌለው ሰው የለም። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ «ለዓይኔ ነው» እያለ መታጠብ ጀመረ፤ ማየት የተሳናቸው አንድ ሽማግሌ እንኳ «ለድሮው ዓይኔ ነው» ብለው ታጠቡ፣ ፈለቀም መዝግቦ አለፈ። ገብረየስ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፓራፋንጎዬን ፈትቶ ዘቅዝቆ አሰረው፤ ሠላሳ ዓመት የፈታበት እጁ ይህን ጊዜ አልተሳሳተም። በሁለተኛው ሳምንት ሹማምንቱ ሁሉ ፓራፋንጎ አዘዙ። እነሱ ስለ እግረኛው ደንታ የላቸውም፤ ግን የኋላ ወንበር ምን ሊመጣበት እንደሚችል አይተዋል። ከሁሉ ቀድሞ ያዘዘው ደምሰው ነው። አሁን ደግሞ «ሊቀ ፓራፋንጎ» የሚባል አዲስ ሹመት ተፈጥሮለት በየመኪናው ሥር እያጎነበሰ የጎማ ቁራጭ ይለካል። በዚህ ላይ አሥራ አራት ገጽ አቤቱታ አስገብቻለሁ። አትዘኑልኝ፤ በጤናዬ ነኝ።

እማማ ላቀችን ግን በየጥሪው የማደርሳቸው እኔ ሆንሁ። በዶፉ ዝናብ መካከል፣ ነጭ ጨርቃቸውን አቅፈው፣ በዋናው መንገድ፣ መሀል ለመሀል እንሄዳለን። ከጎማው ሥር ጭቃው ሲመታ ይሰማል፤ ማንም ላይ አይደርስም። መንገድ ዳር ያለው ሰው በልማድ ይቆምና እኛ ስናልፍ ልብሱን ያያል፤ ምንም የለበትም፤ ግራ ገብቶት ወደ ሥራው ይሄዳል። ከአሥራ ሰባቱ እርጉዞች አሥራ ስድስቱ በሰላም ተገላገሉ። የገብረየስ ምራት መንታ ወለደች።

አሥራ ሰባተኛዋ ቀን የገፋባት አንዲት ወጣት ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ላቀችን እሷ ቤት አድርሼ ደጅ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሰው በጓሮ በኩል እየሮጠ መጣ። አቶ ፈለቀ ነበር። ሁለት ጊዜ ወድቆ ኖሮ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። አንገቱ ላይ ገመዱ እንጂ ቀለበቱ የለም።

«ልጄ ናት መምህር» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ልጄ እኮ ናት።» በሩን ገፍቶ ሊገባ ሲል እማማ ላቀች ከውስጥ ብቅ ብለው በሁለት እጃቸው መቃኑን ያዙ።

«ወዴት? መጀመሪያ ታጠብ!»

ፈለቀ እጆቹን አየ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ፤ ውሃው የት እንዳለ እንኳ አላየም። ልናገረው የምችለው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከውስጥ የልጅቷ ጩኸት መጣ።

«አንተስ ምን ይገትርሃል?» አሉኝ እማማ ላቀች። «ውሃ አፍስስለት እንጂ!»

አፈሰስሁለት።